የተቆረጠው እግር

የዱርሲቱ ባል የባጫ ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች ከተቆረጠ ዓመት ሊሞላው ነው። ያስቆረጠው የስኳር በሽታ ነው፤ የሚያመው ግን፣ ጉድ እኮ ነው፣ የሌለው እግር ነው። የሌለው አውራ ጣት ይጠዘጥዘዋል፤ የሌለው ተረከዝ እሳት ላይ የተጣደ ያህል ያቃጥለዋል። "ና ዱኩባ! አመመኝ፣ ዱርሲ!" እያለ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም እየጮኸ፣ ባዶውን ብርድ ልብስ ይጨብጣል።

ሰውየው ልብስ ሰፊ ነው። ቡራዩ ውስጥ የእሱን ስፌት ያልለበሰ ተማሪ ፈልጉ ብትባሉ ትደክማላችሁ። የስፌት መኪናውን ፔዳል በግራ እግሩ ብቻ መርገጥ አያቅተውም ነበር፤ ሕመሙ መች አስቀምጦት! ሰሞኑን ደግሞ "እኔንም አብረሽ ብትቀብሪኝ ይሻለኝ ነበር" ማለት ጀምሯል። ዱርሲቱን እንቅልፍ የነሳት ይህ ቃል ነው። ቢሞትባት ምን ይውጣታል?

"አብረሽ" ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ሆስፒታሉ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ሲሰጣት፣ አምጥታ ጓሮ ካለው ወይራ ሥር የቀበረችው ራሷ ናት። የሰው አካል እንዴት ይጣላል?

በመጨረሻ ሩዋይዳ ወደምትባል ፊዚዮቴራፒስት ወሰደችው። "ኦቦ ባጫ፣ ነርቭዎ እግሩ መቆረጡን ገና አልሰማም" አለችው ልጅቷ። ቀይ ብርሃን የሚሰጥ መብራት አዋሰቻቸው፤ ሲበራ ዓይኑን በጨርቅ እንዲሸፍን ነገረችው። ከበርበሬ የሚሠራ ቅባትም ሰጠቻቸው። "ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም፤ እንሞክረው። እናቴ፣ እርስዎ ደግሞ የተቆረጠውን እግር በደንብ እያሹ ይቀቡላቸው።"

ዱርሲቱ ጉቶውን ቀባች፣ አሸች። ባጫ በቃጠሎው ላይ ቃጠሎ ተጨመረበት። "ጉቶዬን ወጥ ልትሠሪው ነው እንዴ? በርበሬውን አንሺልኝ!" ብሎ ጮኸባት።

አሰበች፣ አሰበችና የልጅቷ ቃል ትዝ አላት። የተቆረጠውን እግር ነው እኮ ያለችው! ጉቶው እንደሆነ ጉቶ ነው፤ የተቆረጠውማ ወይራው ሥር ነው። "ወይ እኔ ጅሏ!" ብላ ጭኗን መታች። ብትስቁባትም ግድ የለም። ባሏ የሚያቃትትባት ሴት ከዚህም የባሰ ታደርጋለች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የባጫን ዓይን በሻሿ አሰረች፣ መብራቱን ጉቶው ላይ አበራችና በጓሮ በር ወጣች። ወይራው ሥር ተንበርክካ፣ ቅባቱን መዳፏ ላይ አድርጋ፣ ልክ እግር እንደሚታሸው መሬቱን አሸችው። አፈሩ ለብ ያለ መሰላት። ፀሐይ ስለዋለበት ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

ስትመለስ ባጫ ፈገግ ብሏል። "ደረሰኝ" አላት፣ ዓይኑ እንደታሰረ። "ተረከዜ ላይ ደረሰኝ። እጅሽ እንዴት ይሞቃል!"

ዱርሲቱን ውርር አደረጋት። ግን ሰውየው ያን ቀን እህል ቀመሰ፣ ሌሊቱንም ተኛ። ጉቶውን የምታሽለት ይመስለዋል፤ እሷም አላረመችውም። ከዚያ ወዲያ ቀን በቀን ጓሮ ትወርዳለች፤ ቀን በቀን "ደረሰኝ" ይላታል። የሞት ወሬውን ተወ። መኪናውን ዘይት አጠጣና በግራ እግሩ አንድ የተማሪ ሸሚዝ ሰፋ። ሸሚዙን አቅፋ አለቀሰች።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን እንደ ልማዷ ዓይኑን አስራ፣ መብራቱን አብርታ ብትወጣ፣ ዝናቡ ዶፉን አወረደው። ቅባቱን ሳትከፍተው፣ እስኪያባራ ብላ የጓሮው በር ላይ ቆመች። ቤቱ ከኋላዋ በቀይ ብርሃን ተሞልቷል። ወይራው ሥር ማንም አልነበረም።

"እፎይ!" አለ ባጫ ከአልጋው። "ተባረኪ! ዛሬ ጣቶቼን አንድ በአንድ ያዝሽልኝ። እንዲህ አድርገሽ አሽተሽኝ አታውቂም።"

ዱርሲቱ እጇን አየች፤ ደረቅ ነው። መቃኑን ያዘች።

"እጅሽ ግን ምነው ቀዘቀዘ?"

ልትጮኽ አፏን ከፈተች። ብትጮኽ ሻሹን ይፈታል፤ ከፈታው ደግሞ ያ ሕመም፣ ያ ቃል ተመልሶ ሊመጣ ነው።

"ውሃ ነክቼ ነው" አለችው፣ ከበሩ ሳትንቀሳቀስ።