በልብስ ቅድ የተሠራ ቤት

ከአገሬ የወጣሁት ገና ለሱብሂ አዛን ሳይባል ነው። እናንተ ሐይቅ ከተማ ያላችሁ ታውቁኛላችሁ፤ ገበያው መግቢያ ላይ ቀሚስ የምሰፋው ከድጃ ነኝ። ከወሎ ወጥታችሁ እንደኔ በየቡናው አገር የተበተናችሁ ደግሞ ባታውቁኝም ነገሩን ታውቁታላችሁ። እናቴ የስፌት መኪናዬን ራስ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልላ በገመድ ስታስር፣ ስትፈታ፣ እንደገና ስታስር፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ልቤ በአፌ ልትወጣ ደርሳ ነበር።

ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ዝናቡም ከቀረ እንደዚያው። ሰው የሚበላው ሲያጣ ከሁሉ በፊት የሚተወው ልብስ ማሰፋትን ነው። አንድ ከጅማ ቡና የሚጭን ሾፌር ነው «እዚያ ቡና ሲለቀም ሰው ሁሉ አዲስ ይለብሳል፤ ሰፊ ግን የለም» ብሎ ልቤን ያሸፈተው።

ለመሄጃ መሸኛ ያስፈልግ ስለነበር በዋዜማው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ዘንድ ቀርቤያለሁ።

«ለምንድን ነው የምትሄጂው?» አለኝ።

«ልብስ የሚያሰፋ ጠፋ።»

«እንግዲያው ሕዝቡ ልብስ አለው ማለት ነው።»

«የለውም። የሚበላውም የለውም።»

«እሱን አልሰማሁም» አለና «ለዘመድ ጥየቃ» ብሎ ጻፈልኝ። ጅማ አንድም ዘመድ እንደሌለኝ እያወቅኩ አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

እናቴን ግን አብራኝ እንድትሄድ ማሳመን አልቻልኩም። በር ላይ ቆመን፣ ገመዱ በእጇ እንዳለ፣ «እማ፣ አሁንም ተነሽ እንሂድ» አልኳት።

«የት ልሂድ? ቤት አለሽ?»

«እከራያለሁ።»

«እኔ በስተርጅና የሰው ቤት ጥግ ላይ ተኮራምቼ አልተኛም። የራሴ ክፍል ያለው ቤት ስትሠሪ ጥሪኝ።»

«እሠራለሁ፤ ወላሂ እሠራለሁ!»

«አትማይ። ሥሪ።»

ጊቤን ተሻግረን ያ ሁሉ አረንጓዴ ሲመጣ አለቀስኩ። ደስታ እንዳይመስላችሁ፤ ንዴት ነው። እኛ ጋ ሰማዩን ስንለምን የከረምነው ውሃ እዚህ መንገድ ላይ ተንጣሎ መኪና ያሰምጣል። ጅማ በደረስኩ በሳምንቱ አጥቤ ያሰጣሁት ቀሚስ ሦስት ቀን ሙሉ አልደርቅ ብሎ በአራተኛው ሻገተብኝ። ጎደሬ የሚባል ሥር ቀቅለው ሰጡኝ፤ ድንች መስሎኝ ጎረስኩት፣ አፌ ላይ ሳሙና ሆነ። አሁን ሲጠፋ ይናፍቀኛል፤ ሆድ ሁሉን ይለምዳል። ሰላምታቸው ግን የኛው ነው። «አካም ጂርታ» ብለው ይጀምሩና ስለ ጤናሽ፣ ስለ ልጆችሽ፣ ስለ ከብቶችሽ ይጠይቁሻል። ልጅም ከብትም የለኝም፤ ቋንቋውንም አላውቅም ነበርና ለሁሉም በነሱ አፍ አዎ ማለት የሆነውን «ኤዬ፣ ኤዬ» እያልኩ ሳልፍ ለካ ሰፈሩ የብዙ ከብት ጌታ አድርጎኛል።

በቾ ቦሬ በሚባለው ሰፈር አዴ ነፊሳ የሚባሉ የጅማ ተወላጅ ሴት ዘንድ በደባልነት ገባሁ። ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ደባል ማስገባት አይፈቀድም። አንድ ቀን የቀበሌው ጥበቃ መጥቶ «ይቺ ሴት ማን ናት?» አላቸው።

«እህቴ ናት።»

«ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ናት ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ያኔ ገና አልተቀራረብንም ነበር» አሉት፣ ፊታቸው ሳይጨማደድ።

ደግ ናቸው፤ ሆኖም ቤቱ ጠባብ ነው። እኔና መኪናው በአንድ መጋረጃ ጀርባ ነን። ከዙህር ሶላት በኋላ አዴ ነፊሳ ጋደም ስለሚሉ የመኪናውን መርገጫ መንካት ክልክል ነው። ያኔ እጄ ሥራ ሲፈታ በሐሳቤ ቤት እሠራለሁ። በለቀማ ወቅት ለገበያ ቀን የስፌት መኪናዬን ጭኜ አጋሮ እወርድ ስለነበር እዚያ ያየሁትን ሰፊ በረንዳ እያመጣሁ ለራሴ እገጥማለሁ። የኛ አገር ቤት ድንጋይ ነው፤ በሩ ዝቅ ያለ፣ መስኮት የሌለው፣ ንፋስ ፊቱን እንዲያዞር የተሠራ። የኔው ግን በሩ መሐል ለመሐል፣ ወደ ውስጥ ሳሎን፣ በቀኝ አንድ ክፍል፣ በግራ አንድ ክፍል። የቀኙ የኔ ነው፤ ብርሃን በግራ እጄ በኩል እንዲመጣልኝ መኪናዬን በመስኮቱ ልክ አስቀምጣለሁ። የግራው የእማ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት ደፉ ዝቅ ይላል። መስኮቱም ዝቅ ይላል፤ መደብ ላይ ተቀምጣ የሚያልፈውን ሁሉ እያየች እንድታማ። ሻሿን የምትሰቅልበት ችካል ስንት ክንድ ላይ እንደሚውል ሳይቀር ወስኛለሁ፤ ቁመቷን በዓይኔ እለካዋለሁ፣ ሥራዬ ነውና። አንዳንዴ ክፍሏ ውስጥ ስትሰግድ ትታየኝና አዴ ነፊሳ እንዳይሰሙኝ መጋረጃውን አፌ ውስጥ እጠቀጥቃለሁ።

ሁለት ዓመት ተመላልሼ ከከተማው ዳር ቦታ ተመራሁ። ቦታ የሚመራው ቢሮ «የቤቱን ንድፍ ስለሽ አምጪ» ሲለኝ ደስታዬን አልችል ብዬ የዚያኑ ዕለት ቡናማ ወረቀት ዘረጋሁ። ጠመኔዬንና ሜትሬን ይዤ፣ ሁለት ዓመት በሐሳቤ ስዞርበት የነበረውን ቤት ሳንቲ ሳላዛንፍ አወጣሁት። ጸሐፊው አገላብጦ አይቶ «እንዲህ ንጹሕ ንድፍ አይቼ አላውቅም» አለና ማኅተሙን አሳረፈበት። በየመንገዱ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አሳየሁት።

ቀያሹ ካስማ ሊተክል የመጣ ዕለት ጉዱ ፈላ።

«ሳሎኑ ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል ነው?» አለኝ።

«ሦስት ነው እንጂ።»

«ወረቀቱ አንድ ተኩል ነው የሚለው። በሩ ደግሞ አርባ አምስት ሳንቲ። በጎንሽ ነው የምትገቢው?»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ልብስ ሰፊ ቅድ ሲያወጣ ሙሉውን አይስልም። ጨርቁን ለሁለት ያጥፍና ግማሹን ብቻ ይስላል፤ ሲቆረጥና ሲገለጥ ቀኝና ግራው እኩል ሆኖ ይወጣል። የኔም ሃያ ዓመት የለመደ እጄ ቤቱን እንደ ቀሚስ ቀዶት ኖሯል። የቀኙን ክፍል፣ የሳሎኑን ግማሽና የበሩን ግማሽ ስዬ፣ ዳሩ ላይ «እጥፋት» ብዬ ጽፌበታለሁ። የእማ ክፍል ወረቀቱ ላይ የለም።

«ጓድ፣ እጥፋት ይላል እኮ! ሲገለጥ ያኛው ጎን ይመጣል።»

«ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አይገለጥም» አለኝ።

ወደ ቢሮው ሮጥኩ። ጸሐፊው ታሪኩን ሰምቶ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጠና ቅጽ አወጣ።

«የሚጨመረው ክፍል የማን ነው?»

«የእናቴ።»

«እናትሽ የት አሉ?»

«ወሎ።»

«እንግዲያው እዚህ የሉም። ለሌለ ሰው የሚሠራ ክፍል ትርፍ ነው። ትርፍ ቤት ደግሞ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

የማያውቅ አለ? የሕዝብ ነው፤ ማለት የቀበሌ ነው፤ ማለት ያንቺ አይደለም።

«እናትሽ ይምጡና ክፍሉ ይፈቀዳል» አለኝ።

«ክፍሉ ሳይኖር አልመጣም ብላለች እኮ።»

«እናትሽስ ከኛም ይብሳሉ» አለና ቅጹን መልሶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ለእማ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ «ግዴለሽም ቀድመሽ ነይልኝ» ብዬ። መልሱ በሐይቅ ትምህርት ቤት መምህር እጅ ተጽፎ መጣ፤ ከሰላምታው በኋላ ያለው ሁለት ቃል ነው፦ «መጀመሪያ ክፍሉ»። እንግዲህ እማ ቀድሞ ክፍሉ ትላለች፣ ቢሮው ቀድሞ ሴትየዋ ይላል፣ እኔ መሐል ነኝ። ሁለት ቀን ተኝቼ አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩና አናጢ ፍለጋ ወጣሁ፤ ለማንም ብዬ ያንን ክፍል አልተወውም!

አባ ፊጣ የጅማ አናጢ ናቸው፤ የወንበር መደገፊያ በሐረግ የሚቀርጹ፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ሳቃቸው ያላለቀ ሽማግሌ። ወረቀቱን ገና እንዳዩት «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ግማሽ ነው» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ አባ?»

«እኔም ወንበር ስቀርጽ ግማሹን ነዋ የምስለው! ያኛውን ጎን እጄ ያውቀዋል።»

በመላው ጅማ የገባው ሰው እሳቸውን ብቻ ስላገኘሁ እግራቸው ላይ ወድቄ ልስም ምንም አልቀረኝ።

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

አሰቡ፣ ጺማቸውን አሹ። «ቀኙን በወረቀቱ እንሠራለን። በግራ ግን አጥር እናጥራለን። አጥር ለማጠር ማን ፈቃድ ይጠይቃል?»

እዚህ አገር ዳዶ የሚሉት አለ፤ የኛው ደቦ ነው። ዛሬ ላንቺ ለሠራ፣ ነገ አንቺ ትሠሪለታለሽ። እኔ ግንድ መሸከም ስለማልችል ለልጆቻቸው የዒድ ልብስ ልሰፋ ተስማማንና ሰፈሩ ወጣ። ወንዶቹ ቋሚ ተከሉ፣ ማገር መቱ፤ ሴቶቹ ውሃ እያመላለሱ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረገጡ። አዴ ነፊሳ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ጭቃው መሐል ገብተው «የእህቴ ቤት ነው! ደህና አድርጋችሁ ርገጡ!» እያሉ ያዛሉ። የቀኙ አለቀ። ከዚያ አጥሩ ተጀመረ። አጥሩ ከሰው ቁመት አለፈ። ከዚያ ማገር ተመታበት፣ ጭቃ ተመረገበት። በመጨረሻም ቆርቆሮ አለበስነው።

ቀያሹ መጣና በግራ በኩል ቆሞ ብዙ አየ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አጥር ነው ጓድ» አልኩ።

«የተመረገ አጥር?»

«ካልተመረገ ብርድ ያስገባል።»

«መስኮት አለው እኮ!»

«የአብዮት ጥበቃ ተረኛ ስሆን መንገዱን የማይበት ነው።»

«ቆርቆሮውስ?»

አባ ፊጣ ጣልቃ ገቡ፦ «ልጄ፣ የጅማ ዝናብ እንጨት ያበሰብሳል። አጥር ካልለበሰ ለከርሞ የለም።»

ሰውየው ወረቀቱን አየ፣ አጥሩን አየ፣ እኔን አየ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። እርሳሱን አወጣና ጻፈ። ሊሄድ ሲል «ምን ብለው ጻፉ?» አልኩት።

«'አጥሩ ጠንካራ ነው'» አለኝ። ጥግ ድረስ ሄዶ ሲስቅ ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁት፤ አላህ ልጆቹን ያሳድግለት።

ባለፈው ሳምንት ለእማ የስልክ ጥሪ ልኬ በቀጠሮው ቀን ስልክ ቤት ገባሁ። ከጠዋት እስከ ዐሥር አግዳሚው ላይ ስጠብቅ ዋልኩ። በመጨረሻ ስልክ የምታገናኘው ሴትዮ «ሐይቅ! ሳጥን ሁለት!» ብላ ጮኸች።

«እማ!»

«ከድጃ? አልሐምዱሊላህ። በልተሻል?»

«በልቻለሁ። እማ፣ ክፍልሽ አለቀ!»

ሽቦው ውስጥ ንፋስ ያፏጫል።

«ስንት በስንት ነው?»

«ሦስት በሦስት።»

«መስኮትስ?»

«አለው፤ ቁጭ ብለሽ መንገደኛ የምታይበት። ደፉም ዝቅ ያለ ነው፤ ጉልበትሽን አይፈትንሽም።»

«ወይኔ ልጄን! የምሬን መስሎሽ ነበር እንዴ ያልኩሽ? እጅሽን አላህ ይባርከው» አለች። እኔማ ሳጥኑ ውስጥ እንባዬ ይወርዳል፣ ግን እስቃለሁ።

«እንግዲህ መቼ ልምጣ ልውሰድሽ?»

ሳለች። ከዚያ በዝግታ፣ ልጅ ሆኜ ስታባብለኝ እንደነበረው አድርጋ ጠራችኝ።

«ከድጃ።»

«አቤት እማ።»

«ይህን የሐይቁን ቤት ዘግቼ መጣሁ እንበል። አገርሽ ሲናፍቅሽ ማን ዘንድ ነው የምትደውዪው?»

ደፍና መስኮት ስለካ ከርሜ ይህን አንድም ቀን አላሰብኩትም። ሴትየዋ መሐል ገብታ «ደቂቃችሁ አልቋል፤ ልዝጋው?» አለች።

«እንዳትዘጊው!» ብዬ ስጮህ አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። «ጨምሪልኝ። ገና አልጨረስንም፣ ጨምሪልኝ! እማ፣ አለሽ?»

«አለሁ» አለችኝ። «እዚሁ ነኝ።»