በካፖርቱ ጠርዝ የታጠፈው ጨርቅ

ልብስ ሰፊው አጎቴ ለልጅ ሲሰፉ ከእጅጌውና ከታችኛው ጠርዝ አራት ጣት ያህል ጨርቅ ወደ ውስጥ ያጥፉ ነበር። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ለልጄ የብርድ ካፖርት አሰፍቼላት ሳለብሳት ከሰጠኋቸው ጨርቅ ያነሰ መሰለኝ። መካነ ሰላም ገበያ ዳር ወዳለው በረንዳቸው ሄጄ በደንበኞቻቸው ፊት ጮህኩባቸው።

«ጋሼ፣ ቀሪውን ጨርቅ የት አደረሱት?»

ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው ሳቁ። «አብሽር፣ አንተ ቁጡ! ጨርቅህ የትም አልሄደም። ልጅቷ ስታድግ ታገኘዋለች።»

ያላገጡብኝ መስሎኝ ሄድኩ። ልጆቼን ሳታጣሩ አትፍረዱ እያልኩ የማሳድግ አባት፣ እኔው ሳላጣራ ሁለት ዓመት አኮረፍኳቸው። እንደተኳረፍን ግንቦት ላይ አረፉ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ልጄ «አባዬ፣ እጅጌው አጠረኝ» አለች። ባለቤቴ ስፌቱን ስትተረትረው የታጠፈው ጨርቅ ወረደ። ካፖርቱ ደብዝዟል፤ እሱ ግን እንደ አዲስ ነው።

እንደሌሉ እያወቅኩ ወደ በረንዳው ሮጬ ሄድኩ። መኪናቸው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው።

ያዋረድኳቸው በሰው ፊት ነውና ይህንንም በሰው ፊት እናገራለሁ፦ አጎቴ ከጨርቄ አንዲት ክር አልወሰዱም።