የዛጎል ጠርዝ

በደሌ ይመዝገብልኝ። ታቦት ሲወጣ ከላይ የሚያዘውን ጃንጥላ ጠርዙን በእጄ ጠልፌ ለስእለቴ አስገባሁ። በበዓሉ ቀን ግን የሰበካው ጸሐፊ የአንድ ነጋዴ ስጦታ ነው ብሎ በሕዝብ ፊት እልል አስባለበት።

ነጋዴው በዚያው ሰሞን ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ጃንጥላ ገዝቶ አምጥቶ ነበር። ሁለቱ ጃንጥላዎች ዕቃ ቤት አብረው ተቀመጡ። የእኔ ጠርዝ እኩል እኩል ስለሆነ ጸሐፊው የስፌት መኪና ሥራ መሰለው፤ የነጋዴውን ልሙጡን «የአሮጊቷ» አለው። ነጋዴውም ዝም አለ። እልልታ ማን ይመልሳል?

ስእለቱ ስለ ልጄ ነው። አረብ አገር ሄዳ ድምጿ ሦስት ዓመት ጠፋብኝ። «ድምጿን ብቻ አሰማኝ» ብዬ ተሳልሁ። ደወለች። አልመጣችም፣ ግን ደወለች። ስእለት በሌላ ሰው ስም ከገባ እኔ ምን ከፈልሁ?

ጠርዙን የተማርሁት ከእናቴ ነው። አያቷ ኢየሩሳሌም ተሳልመው ሲመለሱ ከባሕር ዳርቻ አንድ ዛጎል ይዘው መጡ፤ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ ጫፉ ዙሪያውን ጎበጥ ጎበጥ ያለ። እናቴ ጨርቅ ላይ ደፍታ ዙሪያውን በከሰል ትስልና በዚያ ላይ ትጠልፍ ነበር። በሰፈራችን ያን ጠርዝ ዛጎል ያልነው ከዚያ ወዲህ ነው። ባሕር ያየ ከመካከላችን የለም።

ደብረ ታቦር የምትማረው የልጅ ልጄ በስልኳ ፈልጋ፣ «እማማ፣ ፈረንጅም እኮ የባሕሩን ዛጎልም እንዲህ ያለውን የልብስ ጠርዝም ስካሎፕ ነው የሚለው፤ ቃሉ ዱሮ ቅርፊት ማለት ነበር» አለችኝ። ገረመኝ። ከማያውቁኝ ሰዎች ጋር ተግባብቼ ከደብሬ ሰው ጋር መግባባት አቃተኝ።

ጸሐፊው ዘንድ ሄድሁ። «የእኔ ነው» አልሁት።

«በዚህ ዓይንዎ፣ እማማ?» ብሎ ሳቀ።

«ዓይኔን ተወው፣ ጣቴ ያያል። አንተ መነጽር አድርገህ ምን አየህ?»

ጩኸቴን ሰምተው የደብራችን ቄስ ወጡ። «እስቲ ሦስት ምስክር ያምጡ» አሉኝ።

ዱሮ ይህን ጠርዝ አብረውኝ ይጠልፉ የነበሩትን ሴቶች አንድ በአንድ አሰብኋቸው። ከእኔ በቀር የቀረ የለም። ወደ መቃብሩ አመለከትሁ።

«ምስክሮቼ እዚያ ናቸው፣ አባቴ። እነሱን ይጠይቁ።»

ቄሱ ወደ መቃብሩ ተመለከቱ። ኋላም፣ «አምኜዎታለሁ፣ እናቴ» አሉኝ። «በዓሉ ግን አልፏል። ለከርሞ ካደረሰን እናስተካክለዋለን።»