ከሦስት የማያልፍ አፍ

ጋሼ ኤጭ ካፌ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ሰውን ሳይሆን የስኒውን ከንፈር ነው። በሶፍት ይጠርጉታል፣ ማንኪያውን ያሸታሉ፣ ወንበሩን እንደ ፈንጂ አምካኝ ዞረው ይመረምሩታል። ከዚያ የአፋቸው ሁለት ጫፎች ቁልቁል ይወርዱና «ኤጭ!» ይላሉ። ከዚህ ብዛት የተነሳ ትክክለኛ ስማቸውን የወለዷቸው እናት እንኳ ረስተውታል ይባላል።

የሂሳብ አስተማሪ ናቸው። የሚጸየፉትን ዘርዝሮ ለመጨረስ ዕድሜ አይበቃም። የመምህራን ክፍሉ ፎጣ አለ፤ ውሃ ነክቶት ስለማያውቅ ያለ ሚስማር ብቻውን ይቆማል። ዴስክ ሥር የተለጠፈ ማስቲካ አለ። የዳይሬክተሩ እርጥብ መዳፍ አለ። ሳሎናቸው በተሰቀለው የሠርግ ፎቶ ላይ እንኳ የተበላሸ ዕንቁላል የሸተተው ሙሽራ ነው የሚመስሉት።

«ቬሎዬ እንዴት ነው ስለው፣ ‹ደህና ነው› አለኝ» ይላሉ ባለቤታቸው። «የበኩር ልጃችንን ሳሳየውም ‹ደህና ነው›። ከዚያ በላይ የለውም፣ ተዉት።»

ክፍል ውስጥም መቶ ከመቶ ያገኘ ተማሪ የሚሸለመው ይህንኑ ነው። ግን እውነቱን እንናገር፣ በዚህ ዓለም የማይሸታቸው አንድ ነገር ቢኖር ሂሳብ ነው። ስለዚህም ሂሳብን የሚያቆሽሽባቸውን አይምሩም።

የሚያቆሽሹት ደግሞ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው ናቸው። የፍጹም ዋጋ ፈንክሽን ዶሜንና ሬንጅ፣ ማለትም የሚቀበለውንና የሚያወጣውን ቁጥር ሁሉ፣ ፈልጉ ሲባሉ፣ «ፍጹም ዋጋ ኔጌቲቭ አይሆንም» የምትለውን ሸምድደው፣ የመጣው ይምጣ ሬንጁን «ከዜሮ ወደ ላይ» ብለው ይጽፋሉ። ጋሼ ኤጭ እንዲህ ያለውን ወረቀት እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣት ያንጠለጥሉታል።

«ከፊቱ ያለው መቀነስ አይታያችሁም? ገልብጦ ደፍቶታል እኮ! ኤጭ!»

አልታያቸውም። ዳይሬክተሩም ትዕግሥታቸው አለቀ። «መምህር፣ ረቡዕ መጥቼ ክፍልዎ እቀመጣለሁ። ልጆቹ አሁንም ካልገባቸው ክፍሉን ለሌላ ሰጥቼ እርስዎን ንብረት ክፍል አዛውርዎታለሁ።»

ንብረት ክፍሉን አስቡት። እግሩ የወለቀ ወንበር፣ የረጠበ ካርቶን፣ የድመት ሽንት። ሂሳብ የሚባል የለም።

ረቡዕ ደረሰ። ዳይሬክተሩ ከኋላ ተቀመጡ። ጋሼ ኤጭ y = 3 − |x − 2| ብለው ጻፉና፣ በምላሷ ፍጥነት ጓደኞቿ «ጥይት» የሚሏትን ልጅ ወደ ሰሌዳው ጠሩ።

«ዶሜኑ ሁሉም ሪል ቁጥር ነው» አለች ጥይት። «ኤክስን የፈለግነውን ብናደርገው አይመርጥም።»

«ሬንጁስ?»

ጥይት ከሸፈች። ጠመኔው ወደ ዜሮ ሲያዘነብል ጋሼ ኤጭ አዩት፤ የድመቱ ሽታ ከወዲሁ አፍንጫቸው ውስጥ ገባ።

«ቲቸር፣ ካልተቆጡኝ… እኛ አብረን በምናጠናበት መንገድ ልሥራው?»

«በፈለግሽው ሥሪው። ከዜሮ ብቻ ሰውሪኝ።»

ክብ ሣለች። ሁለት ዓይን ጨመረች፣ የተጨማደደ አፍንጫ ጨመረች፤ ከሥሩም መሃሉ ወደ ላይ የሾለ፣ ሁለት ጫፉ ቁልቁል የወረደ አፍ። ከወደ መስኮቱ አንድ ቀጭን ድምፅ «ኤጭ!» አለ፤ ከዚያ በኋላ ሳቁን ማን ያቁመው!

ጋሼ ኤጭ ዳስተሩን አነሱ። ቢያጠፉት ፊታቸው ይተርፋል፣ ክፍላቸው ግን ይሄዳል። ዳስተሩ አየር ላይ ቆየ።

«ቀጥዪ» አሉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

«ለእርስዎ… ይቅርታ፣ ለዚህ ሰውዬ ያሻችሁን ስጡት። ኬክ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ፎጣ። ሁሉንም ይቀበላል፤ ዶሜኑ ይኸው ነው። ከአፉ የሚወጣው ግን ቢበዛ ‹ደህና ነው› ነው። ‹ደህና ነው› ማለት ሦስት ነው። እሱም ኤክስ ሁለት ሲሆን ብቻ ነው፤ ያኔ ፍጹም ዋጋው ዜሮ ስለሚሆን ከሦስቱ ላይ የሚቀነስ የለም። ከሁለት ወደ ቀኝም ወደ ግራም በራቅን ቁጥር የሚቀነሰው ይበዛል፣ አፉም ይወርዳል። ስለዚህ ሬንጁ ሦስትና ከሦስት በታች ነው!»

ዳይሬክተሩ ከሳቃቸው ብዛት እንባቸውን እየጠረጉ «ገብቷቸዋል! ክፍሉ የእርስዎ ነው፣ መምህር!» አሉ።

ጋሼ ኤጭ አልሰሟቸውም። ሰሌዳው ላይ አፍጥጠዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አፍ ነው፣ ቲቸር።»

«አፍ መሆኑንማ ተሸክሜው የምኖረው እኔ ነኝ! መስመሩ እንደማያልቅ የሚያሳየው ቀስት የታለ? አገጩ ላይ ገታሽው እኮ! እዚህ ካቆመ ዶሜኑም ጠበበ፣ ሬንጁም አገጭ ላይ አለቀ። ቆሻሻ ሥራ!»

ጠመኔውን ነጥቀው የገዛ አፋቸውን ከአገጭ አሳልፈው፣ ከአንገት አሳልፈው፣ ግራና ቀኝ እስከ ሰሌዳው ጠርዝ ጎተቱትና ሁለት ቀስት ሰኩበት። ሰሌዳው ባያልቅ ግድግዳውን ወርዶ ጎረቤት ክፍል በገባ ነበር።

«ታዲያ የልጅቷ ሥራ እንዴት ነው?» አሉ ዳይሬክተሩ እየተነሱ። የተቀመጡበት ማስቲካ ከሱሪያቸው ጋር አብሮ ተነሳ፤ ተሳበ፣ ተሳበ፣ አልበጠስም አለ።

ጋሼ ኤጭ ማስቲካውን አዩ። ልጅቷን አዩ። ቀስቶቹን አዩ።

«ደህና ነው» አሉ።

«ሦስት!» ብሎ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ።