ምንም የማይጥለው ወንድሜ

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ደወለና «ማሙሽ፣ ቦት ጫማ አለህ?» አለኝ። እንዴት አደርክ የለ፣ እማዬ ደህና ናት ወይ የለ። የለኝም አልኩት። «ግዴለም፣ እኔ ትርፍ አለኝ፤ ቶሎ ድረስ» ብሎ ዘጋው። ትርፍ ያለው መሆኑ አልገረመኝም። ሰው የጣለውን ሁሉ የሚያነሳ ሰው ቤት ትርፍ ያልሆነ ነገር የለም።

ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ነበር የምለው። እዚህ አሜሪካ እኔና እናቴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሱ ደግሞ አሌክሳንድሪያ ነበር የምንኖረው። በከተማዋ ዳር ከሚያልፈው ትልቅ ወንዝ ትንሽ ራቅ ብሎ ምድር ቤት ተከራይቷል። ውሃ የሚገባበት ሰፈር፣ ያውም ምድር ቤት። የሰው ምርጫ አይነቀፍም። ወንዝ ነው ስለው ይቆጣል። ውሃው ከባሕሩ ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ እንደሚል፣ ነፋስ ሲገፋው መንገድ ላይ እንደሚወጣ፣ ስለዚህ እዚያ የሚኖር ሁሉ የባሕር ጠረፍ ሰው እንደሆነ ያስረዳኛል። ባሕር ሳያይ አዲስ አበባ ያደገ የባሕር ጠረፍ ሰው። እኔ ከሃይስኩል በላይ አልተማርኩም፤ አልተከራከርኩትም።

ስደርስ ወንዙ ዳር ከጎረቤቶቹ ጋር አገኘሁት። ማኅበር አላቸው። ማኅበር ስላችሁ ዳቦና ጠላ እንዳይመስላችሁ። ጓንትና ከረጢት ነው። ውሃው ወጥቶ ሲመለስ ጥሎት የሚሄደውን ቆሻሻ ይለቅማሉ። በብዛት ጡረታ የወጡ ነጮች ናቸው። ከመካከላቸው አንድ ሐበሻ፣ የኔው ወንድም፣ ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ጠርሙስ ይጎትታል።

«እንካ» ብሎ ቦት ጫማውን ወረወረልኝ።

አንዱን አጠለቅኩ። ሌላውን ሳጠልቅ እግሬ እምቢ አለ። አየሁት። ሁለቱም የግራ ናቸው።

«ጋሼ፣ ትርፍ ያልከው ይሄን ነው?»

«ምን ሆነ?»

«ሁለቱም የግራ ነው እኮ!»

«ውሃ ያስገባል?»

«አያስገባም።»

«ታዲያ ምን ፈለግህ? ሰርግ ልትሄድ ነው?»

ጠዋቱን ሙሉ በሁለት ግራ እግር ቆሻሻ ለቀምኩ። ጎረቤቱ የሆነች አሮጊት፣ ጸጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ፣ መጥታ ወንዙን እወደው እንደሆነ ጠየቀችኝ። በጣም እወደዋለሁ አልኳት። ወንድምህ ለኛ በረከት ነው አለችኝ። እሱንም እወደዋለሁ አልኳት፤ ይሄኛው እውነት ነበር፣ ግን እሱ እንዳይሰማ ድምፄን ቀነስኩ።

«እማዬ እዚህ ጭቃ ውስጥ ብታይህ ምን የምትል ይመስልሃል?» አልኩት።

«እማዬ? እማዬ ከነዚህ ሁሉ ትበልጣለች። የእርጎ ዕቃ ስትጥል አይተህ ታውቃለህ?»

አላውቅም። እኛ ቤት ፍሪጅ ውስጥ እርጎ የሚል የተጻፈበት ዕቃ ስትከፍት ሽሮ ነው። አይስክሬም የሚለው በርበሬ ነው። ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ እንደተታለልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የላስቲክ ከረጢት አጥባ መታጠቢያ ቤት ታሰጣለች። ለዚህ ማንም ጓንት ሰጥቶ ፎቶ አላነሳትም።

ቀትር ላይ ቤቱ ወሰደኝ። ከውጭ ይልቅ ቤቱ ይበርዳል። ማሞቂያውን ክፈተው ስለው ሹራብ ሰጠኝ። ሻወር ልውሰድ ስል «ሙቁ እስኪመጣ ቀዝቃዛውን ባልዲው ውስጥ አጠራቅመው፣ ለሽንት ቤት ነው» አለኝ። አዲስ አበባ ሰፈራችን ውሃ ስለማይመጣ በባልዲ ስንታጠብ ነው ያደግነው። ጋሼ አትላንቲክን ተሻግሮ፣ ውሃ ሌት ተቀን የሚፈስበት አገር ደርሶ፣ በገዛ ፈቃዱ ወደ ባልዲው ተመለሰ።

እሑድ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ በባቡር እኛ ጋ ይመጣና እናቴ የሳምንቱን ልጣጭ ያጠራቀመችበትን ባልዲ ይዞ ይመለሳል። ማኅበሩ የአትክልት ቦታ አለው፤ እዚያ ያበሰብሰዋል። ሐበሻ ቤት ከሳምንት ሳምንት ምን ያህል የሽንኩርት ልጣጭ እንደሚወጣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እናቴ ለጓደኞቿ «ልጄ አሜሪካ የመጣው ሽንኩርት ልጣጭ ሊለቅም ነው» ትላለች። እንዲህ እያለች ግን አንዲት ልጣጭ ሌላ ቦታ ጥላ አታውቅም። ባቡር ውስጥ አይሸትህም ወይ ስለው «መቀመጫ አጥቼ አላውቅም» አለኝ።

ልሄድ ስል መኪናዬ ድረስ ሸኘኝ። ሞተሩን አስነስቼ ሬዲዮ ስፈልግ መስኮቱን መታና «ወይ ሂድ፣ ወይ አጥፋው» አለ። እሱ መኪና የለውም፤ የሰው መኪና ቆሞ ነዳጅ ሲያቃጥል ግን ያመዋል። ከዚያ «ነገ እመጣለሁ። እማዬን ባልዲውን ትክደነው በላት» አለኝ። ሄድኩ።

ሰው ሲለይ ምክር ይተዋል ይባላል። አደራ ይሰጣል። እኔ ባልዲ ይከደን ተባልኩ።

እሑድ ነፋስ ነበር። ውሃው መንገድ ላይ ወጣ። ጋሼ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ወደ እኛ ሊመጣ ሲል ያችን አሮጊት በሯ ላይ አየና አሸዋ የተሞላ ከረጢት ሊደረድርላት ቆመ። ደርድሮ ጨረሰ። ደክሞኛል ብሎ ደረጃዋ ላይ ተቀመጠ። ይኸው ነው። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ሥጋ የማይበላ፣ አሳንሰር የማይወጣ ሰው፣ ልቡ ነው አሉ።

የነገረችኝ አሮጊቷ ናት። እሑድም እሠራ ነበር፣ ሆቴል በር ላይ የእንግዳ መኪና እየተቀበልኩ እያቆምኩ። በስልክ፣ ቆሜ፣ አንድ ሰውዬ ቁልፉን ዘርግቶ እየጠበቀኝ፣ በጣም አዝናለሁ፣ ወንድምህ ሞቷል አለችኝ። አሜሪካኖች መርዶ አያውቁም። ማለሳለሱን፣ ዙሪያ ጥምጥሙን አያውቁበትም። የሰውየውን ቁልፍ ተቀብዬ መኪናውን በሥርዓቱ አቆምኩለት። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ሆስፒታል ስደርስ መንገድ ላይ የደወልኩለት አጎቴ ከሚኖርበት ከስካይላይን ቀድሞኝ ደርሷል። አቅፎኝ አለቀሰ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገና ሥራ ጀመረ።

«እናትህ ሰምታለች?»

«አልሰማችም።»

«ትንፍሽ እንዳትል። ማታ እናት አትረዳም፤ ብቻዋን እንዴት ታድራለች? ነገ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባቷ ባሉበት እንነግራታለን። አንተ ቤት ግባ። እንደ ወትሮህ ሁን።»

እንደ ወትሮህ ሁን። ቀላል ነገር። የጋሼን ልብስና ስልክ በላስቲክ ከረጢት አድርገው ሰጡኝ። ላስቲኩ አዲስ ነበር። ልብሱን መኪና ውስጥ ትቼ ስልኩን ጃኬቴ ኪስ ከተትኩት። ድምፁን አጠፋሁት፤ መንቀጥቀጡን እንዴት እንደሚያጠፉት ግን አላወቅሁም።

እናቴ ተቆጥታ ነበር የጠበቀችኝ። እኔን አይደለም፤ እሱን።

«አየኸው ወንድምህን? ባልዲውን አዘጋጅቼ ቀኑን ሙሉ ስጠብቀው! ቤቱ ሸተተ።»

«ሥራ ይዞት ይሆናል፣ እማዬ።»

«እሑድ ምን ሥራ አለው? እነዚያ ነጮቹ ይዘውት ነው እንጂ።»

ራት አቀረበች። ለእኔ አወጣች፣ ለእሱ በሰሃን አድርጋ ከደነች፤ ቢመሽም ይመጣል ብላ። ስልኳን አነሳችና ደወለች። ኪሴ ተንቀጠቀጠ። ጎድኔ ላይ ነው፣ ጃኬቴን አላወለቅኩም። አንገቴን ደፍቼ ማኘክ ቀጠልኩ። አያነሳም አለችና መልእክት ተወችለት።

«አንተ ልጅ! ሁልጊዜ ቆሻሻሽን ስጪኝ ትላለህ፣ ዛሬ የት ገባህ? ና ውሰድልኝ። ወጥህንም ከድኜልሃለሁ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ምነው ጃኬትህን አታወልቅም?»

«በረደኝ።»

«አንተም ወንድምህን ሆንክ?» ብላ ሳቀች። ተነስታ ማሞቂያውን ከፍ አደረገችልኝ።

ይሄን እንዴት እንደሚጽፉት አላውቅም። አልፈዋለሁ።

ማለዳ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ አጎቴ ደወለ። ታች ፓርኪንግ ነን አለኝ። ቀስ ብዬ ወረድኩ። ፓርኪንጉ በሐበሻ ተሞልቷል። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። መኪኖቹ ሁሉ ሞተራቸው ይሠራል፤ ብርድ ነዋ። ጭሱ መብራቱ ሥር ደመና ሠርቷል። ሁሉም አንዴ ተጠጥቶበት በሚጣል የፎም ኩባያ ቡና ይዟል። የመኪኖቹ ኋላ ተከፍቶ የታሸገ ውሃ በካርቶን በካርቶን፣ የፎም ሰሃን፣ የላስቲክ ሹካ፣ የላስቲክ ማንኪያ ይታያል። ለለቅሶ ቤት ነው፤ አስበውልን ነው። የጋሼን ጠላቶች ሁሉ ሰብስበው ለቅሶው ይዘዋቸው መጥተዋል።

«ምን እየጠበቃችሁ ነው?» አልኩት አጎቴን።

«ሰው ይሙላ እንጂ። ከጀርመንታውን የሚመጡት የአውራ ጎዳናውን መውጫ ስተው ተመልሰው እየዞሩ ነው። ቄሱ ደግሞ ፓርኪንግ እየፈለጉ ነው።»

«ሞተሩን ለምን አታጠፉትም?»

አንዲት አክስቴ እጄን ያዘችኝ። «አይዞህ የኔ ልጅ» አለችኝ። «ደንግጦ ነው» አለች ለሌሎቹ። «ልጄ፣ ቡና እንካ።» የፎም ኩባያ አስያዘችኝ። ያዝኩት።

ቀና ስል ሦስተኛ ፎቅ ላይ የወጥ ቤታችን መብራት በራ። እናቴ ለጸሎት ተነስታለች ማለት ነው። ጸሎት ከማድረሷ በፊት ሁልጊዜ መስኮቱን ትከፍታለች፤ በጋ ክረምት አትልም፣ ማሞቂያው እየነደደ ትከፍተዋለች። ቤቱ ይተንፍስ ነው የምትለው። መስኮቱ ደግሞ የሚያየው ይሄንኑ ፓርኪንግ ነው። ሐበሻ እናት በማለዳ ጥቁር ለባሽ በሯ ላይ ተሰብስቦ ስታይ የምታስበው አንድ ነገር ነው። የማን እንደሆነ ብቻ ነው የማታውቀው። ካሏት ልጆች አንዱ ደግሞ ትናንት ሳይመጣ ቀርቷል።

«አጎቴ፣ መስኮት ልትከፍት ነው። ታየናለች።»

«መብራት አጥፉ!» አለ አጎቴ ወደ መኪኖቹ። መብራት! ሞተሩን አይደለም።

«እኔ ልንገራት።»

«አበድክ እንዴ? አንተ ልጅ ነህ። ልጅ መርዶ አይናገርም። ቄሱ አሁን ይደርሳሉ።»

ኩባያውን አስያዝኩት። ሮጬ ወጣሁ።

እናቴ ነጠላዋን ለብሳ እጇ መስኮቱ መያዣ ላይ ነበር።

«የምን ሞተር ነው እዚያ ታች የሚጮኸው? ደግሞ አንተ ከየት መጣህ በዚህ ማለዳ?»

«እማዬ፣ መስኮቱን ተዪው። ነይ ቁጭ በይ።»

«ጸሎቴን ላድርስ መጀመሪያ።»

«ቁጭ በይ ስልሽ።»

ፊቴን አየችው። ቁጭ አላለችም። ታች ያሉት ሽማግሌዎች የኢዮብን ታሪክ፣ ሁላችንም መንገደኞች መሆናችንን፣ ይሄን ሁሉ አዘጋጅተው መጥተዋል። እኔ ምንም አላዘጋጀሁም።

«ጋሼ ሞተ» አልኳት። «ትናንት ከሰዓት። ልቡ ነው።»

እጇን ከመስኮቱ መያዣ ላይ አነሳች። ከዚያ «ማታ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ራቱን ስከድንለት ዝም ብለህ ታየኝ ነበር?»

«ዝም በል ብለውኝ ነው።»

ደረቴን በጡጫ መታችኝ። ደግማ መታችኝ። አልሸሸሁም። ከዚያ ከነነጠላዋ ያዝኳትና ወለሉ ላይ አብረን ወረድን። ስትጮኽ ታች ሳይሰሙ አልቀሩም፤ ወዲያው ደረጃው በኮቴ ተሞላ። አጎቴ በሩን ይደበድብ ጀመር። የሴቶቹ ለቅሶ ከኮሪደሩ ገባ። ቄሱም ፓርኪንግ አግኝተው ኖሯል፤ ድምፃቸውን ሰማሁት።

«ልጄ ክፈት! ምን እያደረግህ ነው?» አለ አጎቴ።

እናቴ አንገቴ ሥር ተወሽቃ ስሙን እየጠራች ነበር። ሌላ ሰው ገና አልነካትም፣ ሌላ ሰው ገና አይዞሽ አላላትም።

«ትንሽ ይቆዩ፣ አጎቴ» አልኩ ከውስጥ። በሩን አልከፈትኩም።