ለበዓል የተተወ ሣር

ዛሬ ጠዋት አቡ ዳቢ፣ የቢሮዬ በር ላይ ሣር ሲታጨድ ሸተተኝና ልጅ ሆኜ ያደግኩበት የአል አይን ከተማ ቤታችን ትዝ አለኝ።

አባቴ የአንድ ሆቴል አትክልት ኃላፊ ነበር። የጓሯችንንም ሰርዶ እንደ ሆቴሉ ሣር በየሳምንቱ ዝቅ አድርጎ ያጭደዋል። ነሐሴ ሲገባ ግን ግድግዳው ሥር አንድ ክንድ የምትሰፋ ቦታ ሳያጭድ ይተዋል፤ እናቴ ለእንቁጣጣሽ ቤት ውስጥ የምትጎዘጉዘው ነው። በዚያ ሙቀት ጠዋትና ማታ የማጠጣው እኔ ነበርኩ።

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ፣ በበዓሉ ዋዜማ፣ ደሴ ያለችው አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ማረፏ በስልክ ተነገረን። እናቴ አልቅሳ ሲወጣላት በመስኮት ወደ ጓሮ አየች።

"እሱንም እጨደው" አለችው አባቴን። "ሐዘን ቤት ምን ይጎዘጎዛል።"

አባቴ ማሽኑን አስነሳ። ቁርጭምጭሚቴን ያለፈው ሣር ታጭዶ ከሥሩ ያለው ቢጫ ገለባ ብቻ ቀረ። የታጨደውን ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ውስጥ እየከተተ "ይመለሳል" አለ፤ ለማን እንዳለው አልገባኝም። እኔ የውሃውን ጎማ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። አላለቀስኩም።

ሣሩ በሁለት ሳምንት ተመለሰ። ከዚያ በኋላም አባቴ ያችን ቦታ በየነሐሴው ሳያጭድ ይተዋታል። እናቴ ግን ዳግመኛ ሣር አልጎዘጎዘችም፤ በበዓሉ ማግስት አባቴ ራሱ ያጭደዋል።

ጫማዬ ላይ የተጣበቀውን ሣር አራግፌ ሊፍት ውስጥ ገባሁ።