ዳገት የተውኩበት ዓመት

ገበሬዎቹ ዶክተር ይሉኝ ነበር። ዶክተር አልነበርኩም፤ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። መንግሥት ከመለወጡ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብዬ ተቀጥሬ፣ መካነ ሰላም ተመድቤ፣ ሃያ ዓመት ያህል የክትባት ሳጥን በትከሻዬ አንግቼ በየቀበሌው ዞሬያለሁ። መኪና የማይደርስበት አገር ስለሚበዛ ሥራዬ በአብዛኛው መራመድ ነበር። ሃምሳ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ግን መራመድ ራሱ ሥራ መሆኑን አላስተዋልኩም።

ሳሉ የጀመረኝ ከዚያ በፊት ነው። ጠዋት ጠዋት ያስለኛል፣ አክታ እተፋለሁ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ሲጋራ እለኩሳለሁ። ባለቤቴ «ይሄ ሳል የጤና አይደለም» ስትለኝ «የደጋ ብርድ ነው» እላት ነበር። ቀኑን ሙሉ የከብት በሽታ ስመረምር የምውል ሰው የራሴን በብርድ እያሳበብኩ ዓመታት አለፉ።

ሰበቡ ያለቀብኝ በአንድ የአባ ሰንጋ ክትባት ዘመቻ ላይ ነው። ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ከብት ከትበን ስንመለስ፣ የዳገቱ እኩሌታ ላይ ትንፋሽ እምቢ አለኝ። የገባው አየር አልወጣም አለ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከንፈሬ ጠቁሮ እንደነበር የነገሩኝ በኋላ ነው። አብረውኝ የነበሩት ገበሬዎች ሁለት አጣና ቆርጠው፣ በላዩ ጋቢ አስረው ቃሬዛ ሠሩ።

«ትንሽ ካረፍኩ እራመዳለሁ» አልኳቸው።

«ዶክተር፣ ዝም ብለው ይተኙ» አሉኝ አንድ አዛውንት። «ከበሬ አይከብዱ።»

እየተፈራረቁ እስከ መኪና መንገዱ አወጡኝ። ሰማይ ሰማይ እያየሁ ነበር የተጓዝኩት። መንገድ ላይ አፈርኩ ብል ውሸት ይሆናል፤ ያን ሰዓት የማስበው የሚቀጥለውን ትንፋሽ ብቻ ነበር። ያፈርኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ደሴ ሄድኩ። ሐኪሙ የደረቴን ራጅ ብርሃን ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። ቄራ ሥጋ ስመረምር ስንት ሳንባ በቢላ ከፍቼ ስላየሁ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገውም።

«የተጎዳው አይመለስም» አለኝ። «የቀረውን ማቆየት ግን ይቻላል። ሲጋራ ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ከጭስ፣ ከአቧራ፣ ከብርድ ይሽሹ። ዳገት ያለበት ሥራም ይብቃዎት።»

«እኔ ከዳገት ሌላ ሥራ የለኝም።»

«እንግዲያው ጡረታውን ያስቡበት።»

ወደ አፍ የሚነፋ መድኃኒት አዝዞልኝ ወጣሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ወዲያው ግን አልወሰንኩም። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ደግ ሰው ነበር። «ምን ያስቸኩልዎታል? ቢሮ ይቀመጡና ሪፖርት ያጠናቅሩ» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ተስማማሁ። የእኔን ቀበሌዎች አዲስ ተመርቃ የመጣች የሙያ ባልደረባ ተረከበች። እግሯ ፈጣን፣ መርፌ አያያዟም የተጣራ ነበር። እኔ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ እሷ ሞልታ የምታመጣውን ቅጽ እደምርና እፈርማለሁ። ክረምቱና መኸሩ እንዲህ አለፈ።

በጋ ላይ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ የማውቀው ገበሬ ቢሮ ድረስ መጣ። ሰላምታውን ጨርሶ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«ሁለቱም በሬዎቼ ሞቱ» አለኝ። «በአፍንጫቸው ደም እየፈሰሰ።»

ሌላ ምልክት መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ አባ ሰንጋ ነበር። ሰውዬው የሚኖረው ከገደል በላይ ባለች፣ ሰባት ቤት ብቻ ባላት መንደር ነው። መንደሯ ከቀበሌው መሃል አትታይም። ከብቶቻቸውን ለክትባት ወደ ታች ማውረድ ስለማይችሉ በየዓመቱ እኔ ነበርኩ የምወጣላቸው። ቅጽ ላይ ለብቻዋ አትጻፍም። ለባልደረባዬ መንገር ነበረብኝ፤ አልነገርኳትም። ረሳሁት ማለት ይቀለኛል፤ ግን መርሳት ብቻ አይመስለኝም። ያን አቀበት ሳስብ ደረቴን ስለሚጨንቀኝ ማሰቡንም ትቼው ነበር።

«እርስዎ መጥተው ቢሆን ኖሮ ይተርፉልኝ ነበር?» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው።

«ይተርፉ ነበር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ አላህ ያመጣው ነው» ብሎ ዱላውን አነሳ። ይህን ያለው ለእኔ አዝኖ እንደሆነ ገባኝ። ባልደረባዬ በማግስቱ የቀሩትን ከብቶች ልትከትብ ወጣች፤ እኔ መንገዱን ወረቀት ላይ ሥዬ ሰጠኋት።

ማታውን ለባለቤቴ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር።

«ጡረታ ልወጣ ነው።»

«ለምን? ልጅቷን አስተምረህ እዚያው ብትቀመጥስ?»

«አስተምሬያት ነው የምወጣው። የማላየውን ነገር እየፈረምኩ መቀመጥ አልችልም።»

«ከዚያስ? እዚህ ተቀምጠህ ስትስል ልስማህ?»

«ቤቱንም እንለውጣለን።»

ያኔ ቀና ብላ አየችኝ። ቤታችን ከከተማው ዳር፣ ኮረብታ ላይ ነበር፤ ግድግዳውን ስናቆም ጭቃውን ያቦካችው እሷ ናት። ከገበያ ቤቴ ለመድረስ አራት ጊዜ እቀመጥ ነበር። ሰፊ ግቢ የሚፈልጉ ባልና ሚስት አግኝተን፣ መስጊድ አጠገብ ሜዳው ላይ ባለች የእነሱ ሁለት ክፍል ቤት ተለዋወጥን። ማድ ቤቱን ከመኝታው አርቀን ጭስ መውጫ አበጀንለት። ባለቤቴ ዕቃውን አንድ በአንድ አወረደች፤ ከዚያ ሁለት ወር ያህል አስፈላጊውን ብቻ ነው ያናገረችኝ። ተገቢ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከባልደረባዬ ጋር ተቀምጠን ከዋናው መንገድ የራቁትን መንደሮች ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍን። ከዚያ የሐኪሞች ቦርድ ፊት ቀረብኩ፣ የጡረታ ወረቀቱም መጣ። መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አልብሶ አሰናበተኝ።

ሲጋራውን መተው ከብዶኝ ነበር፤ የበለጠ የከበደኝ ግን በርጫው ነው። ለዓመታት ከሰዓት በኋላ ጫት የምንቅመው አንድ ጓደኛዬ ቤት ነበር። ሳላጨስ ሁለት ቀን ሄድኩ። የሌሎቹ ጭስ አፍኖኝ እየሳልኩ ወጣሁ። «ናልን እንጂ» ይሉኛል፣ ሲጋራውን የሚያጠፋ ግን የለም። አልፈርድባቸውም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አላጠፋም ነበር። ከመካከላቸው አንዱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤቴ ይመጣል። ያልተለኮሰ ሲጋራ በጣቱ ይዞ ደጅ አብሮኝ ይቀመጣል።

የመጀመሪያው ክረምት ጥሩ አልነበረም። ነሐሴ ላይ ጉሙ ሲወርድ ብርድ መታኝና ሁለት ሳምንት ተኛሁ፤ ባለቤቴም ያኔ ነው እንደ ድሮው ማውራት የጀመረችው። መስከረም ላይ ተነሥቼ ቀስ እያልኩ መስጊድ መሄድ ቻልኩ።

አሁን በገበያ ቀን ደጄ ላይ እቀመጣለሁ። በሬ ወይም አህያ የሚነዱ ሰዎች ሲያልፉ ቆም ይላሉ። ተቀምጬ የከብቱን ዓይን፣ አፍንጫና አረማመድ አያለሁ፤ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። መርፌ የሚያስፈልገውን ወደ ባልደረባዬ እልካለሁ። እነሱ አሁንም ዶክተር ይሉኛል፤ ማረሙን ትቻለሁ።